የአንባቢያን ጥያቄ፦ ልጅ ሲሰበር ወጌሻ፣ ጀሶ ወይስ ብረት?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአብዛኛው የመጡት ከከተማዋ ዳርቻ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከካራቆሬ፣ ከለገጣፎ፣ ከየካ አባዶ። መደገፊያ የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ክፍት የተተወ የግንባታ ጉድጓድና ባጃጅ በየደብዳቤው ይነሳሉ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ከደረጃ ላይ በእጁ ወድቆ ክርኑ አበጠ። ጎረቤት መክሮን ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው፤ አሽቶ በሸምበቆና በጨርቅ አሰረለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ጣቶቹን ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። ፈትቼ ሆስፒታል አደረስኩት፤ ሽቦ ገባለት። አሁን ደህና ነው፤ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ትንሽ ብዘገይ ምን ይሆን ነበር? ሽቦውስ ለምን አስፈለገ፣ ጀሶ ብቻ አይበቃም ነበር? (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ የልጁን እጅ ያተረፈው ማሰሪያውን መፍታትዎ ነው። ብዙ ወላጅ «ሲያሽር ነው የሚያመው» ብሎ እስኪነጋ ይጠብቃል።

የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የተቀመጡት። የተሰበረው ቦታ ሲደማና ሲያብጥ በሽፋኑ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። በላዩ ላይ ሸምበቆና ጨርቅ ከጠበቀበት እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ሲደፍናቸው ጡንቻው ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል፤ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። የሞተ ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ይኮማተራል፤ ጣቶቹም ታጥፈው ይቀራሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ይህን ጉዳት ከጠበቀ ማሰሪያ ጋር አያይዞ ጽፎት ነበር። ዛሬም በእኛ አገር የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማሰሪያ ነው። በጣም የሚያስቆጨው፣ ከነዚህ ስብራቶች ብዙዎቹ በራሳቸው እጅ የሚያሳጡ አለመሆናቸው ነው።

ምልክቶቹን ይወቋቸው። የመጀመሪያው ከጉዳቱ በላይ የሆነ፣ ማስታገሻ ተሰጥቶም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው። ሁለተኛው፣ የታጠፉትን ጣቶች ቀስ ብለው ሲያቃኑለት ልጁ ይጮኻል። መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣትና ጣት ማንቀሳቀስ አለመቻል ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ እነሱን መጠበቅ አይገባም። የእጅ አንጓ ትርታ መኖሩም ዋስትና አይሆንም፤ ጡንቻው እየሞተ ትርታው ሊቀጥል ይችላል። ጥፍሩን ጫን አድርገው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ያሳስባል። ትንሽ ልጅ «ደነዘዘኝ» ብሎ አይነግርዎትም፤ ይነጫነጫል፣ ይቁነጠነጣል፣ አልተኛም ይላል።

እነዚህን ሲያዩ ማሰሪያውን እስከ ቆዳ ድረስ ይፍቱ። ጀሶ ከሆነ ያሰሩለት ዘንድ አሁኑኑ ይውሰዱት፤ ጀሶው ብቻ ሳይሆን ሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻም ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ አለበት፤ በደም የደረቀ ጥጥ እንደ ጀሶ ያንቃል። በዚህ ጊዜ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርገው አይስቀሉት፤ በልብ ትክክል ይሁን። መስቀል ለተራ እብጠት ይጠቅማል፣ ደም ላጠረው ጡንቻ ግን ያለችውን ደም ይቀንስበታል። ማሰሪያው ተፈትቶ ሕመሙ ካልረገበ ሐኪሞቹ ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና ይከፍቱታል።

አሁን ወደ ሽቦው። ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ስብራት በልጆች ክርን ላይ ከሚደርሱት ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት። ሐኪሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። አጥንቱ ካልተንሸራተተ 3 ሳምንት ገደማ ጀሶ ይበቃዋል። ሙሉ በሙሉ ከተለያየ ግን ጀሶ ብቻውን አይይዘውም። አጥንቱ በቦታው እንዲቆይ ክርኑ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት፤ ያበጠ ክርን እንደዚያ ሲታጠፍ ደግሞ ፊት ለፊቱ የሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ ይታነቃል። ሽቦው ይህን አጣብቂኝ ይፈታል፤ አጥንቱን ሽቦው ስለሚይዘው ክርኑ ላላ ብሎ መቀመጥ ይችላል። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት አጥንቱ ተስቦ ይቃናል፤ በሲ-አርም፣ ማለትም ቀዶ ሕክምናው እየተሠራ አጥንቱን በስክሪን በሚያሳይ ራጅ፣ እየታየ 1.6 ወይም 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 2 ወይም 3 ሽቦዎች በቆዳው በኩል ይገባሉ። ጫፋቸው ከቆዳ ውጭ ታጥፎ ይተዋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ያለ ሙሉ ማደንዘዣ፣ በተመላላሽ ክፍል ይመዘዛሉ። ለአፍታ ያስፈራል እንጂ ብዙ አያምም። ሽቦው የገባበት ቦታ መግል ካወጣ፣ ከቀላ ወይም ከሸተተ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።

«ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይቃናል» የሚባለው እዚህ አጥንት ላይ አይሠራም። የላይኛው ክንድ አጥንት ከሚያድገው 80 በመቶው የሚያድገው በትከሻ በኩል ነው፤ በክርን በኩል ያለው ድርሻ 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጠሞ የዳነ ክርን እንደጠመመ ይቀራል።

ሽቦው ከወጣ በኋላ ክርኑ ደርቆ ያገኙታል። አይታሽ፣ በኃይል አይታጠፍ፣ ባልዲ ይዞ እንዲዘረጋ አይገደድ። ክርን ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅልና ሊቆልፈው ይችላል። ይጫወትበት፤ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አገናኝቶ ክብ ቀለበት እንዲሠራ ይጠይቁት፤ ካልቻለ ነርቭ ተነክቷልና ለሐኪሙ ይንገሩ። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ወጌሻን ሁልጊዜ ትወቅሳላችሁ። የ2 ዓመት ልጄን እጇን ይዤ ከባጃጅ ሳወርዳት እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወጌሻው ይዞ ጠምዘዝ ሲያደርገው «ቀጭ» አለ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ብስኩት ይዛ መጫወት ጀመረች። ይህንስ ምን ትሉታላችሁ? (አባት፣ ከካራቆሬ)

መልስ፦ ወጌሻው በትክክል አድኗታል እንላለን። ልጅዎ ላይ የደረሰው ስብራት አይደለም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች እጅ ሲጎተት፣ በክርን በኩል ያለውን ትንሽ አጥንት የከበበው ጅማት ሸርተት ብሎ መሃል ይገባል። መዳፉን አዙሮ ክርኑን ማጠፍ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ራጅም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

አደጋው እንዲህ ያለው ፈውስ ለሌላው ጉዳት ሁሉ ምስክር መሆኑ ነው። መለያው ቀላል ነው። ልጁ ወድቆ ነው ወይስ ተጎትቶ? ክርኑ አብጧል ወይስ አላበጠም? የተጎተተ እጅ አያብጥም። ወድቆ ያበጠን ክርን ማንም፣ ወጌሻም ሐኪምም፣ ራጅ ሳያይ መጠምዘዝ የለበትም። ለወጌሻዎችም አንድ ነገር እንላለን። ያበጠ ቦታ አይታሽ፤ ዙሪያውን የሚከብ ማሰሪያ ደግሞ የጣቶቹን ጫፍ ይግለጥ፣ በሥሩ ጣት ያስገባ፣ ቤተሰቡም በየሰዓቱ ጣቶቹን እንዲያይ ይነገረው። ይህን የሚያደርጉና የከበደባቸውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩ ወጌሻዎች አሉ፤ የማይልኩትን ነው የምንወቅሰው። ልጅዎን ደግሞ ከእንግዲህ በብብቷ ይዘው ያውርዷት፤ እስከ 5 ዓመቷ ድረስ ሊደገም ይችላል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት የልጅ ልጄ ሦስት ቀን አተኮሰው፤ ከትናንት ጀምሮ በቀኝ እግሩ አልረግጥም አለ። ሲወድቅ ያየው የለም። ዳሌው ወልቆ ይሆናል ብለው በቅቤ እንዳሸው መከሩኝ። ላሸው? (አያት፣ ከሰበታ መንገድ)

መልስ፦ እናታችን፣ አይሹት። ለእርስዎ መልሱ በዕለቱ በስልክ ተነግሯል፤ እዚህ የምናትመው ለሌሎች ሲባል ነው።

ትኩሳት ያለው ልጅ በእግሩ አልረግጥም ካለ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ መገጣጠሚያው ወይም አጥንቱ ውስጥ መግል አለ ብሎ ማሰብ ይገባል። ወለምታ አያተኩስም። ጀርሙ ብዙ ጊዜ በደም ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ መውደቅ አያስፈልገውም። ወድቆ ቢሆን እንኳ «ወድቆ ነው» የሚለው ቃል ቤተሰቡንም ባለሙያውንም ያሳስታል።

የዳሌ መገጣጠሚያ ጠባብ ነው። መግል ሲሞላው የአጥንቱን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ መግሉ ራሱም አጥንቱ ላይ ያለውን ለስላሳ ልባስ ይበላዋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሊያነክስ ይችላል። ሆስፒታል ሲደርስ የሚታዩት ነገሮች ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ መብለጡ፣ አለመርገጡ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ከ12,000 መብለጡና በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁመው የደም ዝቅጠት ምርመራ ከ40 ማለፉ ናቸው። አራቱም ከተገኙ መግል የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነው። በአልትራሳውንድ ፈሳሽ መኖሩ ይታያል፣ በመርፌ ይቀዳል፣ መግል ከሆነ በዚያው ቀን ወይም ሌሊት መገጣጠሚያው ተከፍቶ ይታጠባል። ከዚያ በደም ሥር፣ ቀጥሎም በአፍ፣ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይወስዳል።

ሰው የሚሳሳተው ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ጥቂት ቀን መስጠት ላይ ነው። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መግሉ ግን ውስጥ ይቀራል፤ ጀርሙንም በምርመራ ለማግኘት ያስቸግራል። አጥንት ውስጥ ተዳፍኖ የቀረ ደግሞ ከወራት በኋላ ቆዳ በስቶ መግል ያፈሳል፤ የሞተ የአጥንት ቁራጭ በቀዶ ሕክምና እስኪወጣ ድረስም አይደርቅም።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄን ባጃጅ ገጭቶት ጭኑ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ሁለት ብረት እናስገባለት አሉ። ከ5 ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ጭኑ ተሰብሮ በጀሶ ብቻ ነበር የዳነው። ለምንድን ነው የእኔ ልጅ በብረት? ብረቱ እድገቱን አይገታውም? እግሩስ አያጥርም? (አባት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ የወንድምዎ ልጅ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር? ምናልባት ከ5 ዓመት በታች ነበር። ለጭን ስብራት ሕክምናውን የሚወስነው በዋናነት ዕድሜ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ገደማ ከወገብ እስከ እግር የሚደርስ ጀሶ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታሰርለታል። ትንሽ ልጅ ቶሎ ይድናል፣ ተሸክመው ያዞሩታል፣ ትንሽ ቢጠምም እያደገ ይቃናል። የ9 ዓመት ልጅን ግን በዚያ ጀሶ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ማገላበጥ፣ ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ አጥንቱም በጀሶ ውስጥ በቀላሉ ይንሸራተታል። ክብደት አንጠልጥሎ ለሳምንታት አልጋ ላይ ማቆየት ሌላው አማራጭ ነው፤ ሲ-አርም ወይም ብረቱ በሌለበት ዛሬም ይሠራበታል፣ ያድናልም።

ለልጅዎ የታሰቡት እንደ ቀስት የሚለመጡ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ከጉልበት ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ በተከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው በአጥንቱ ክፍተት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ውስጥ ተለምጠው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፉ አጥንቱን ሚዛን ያስይዙታል። የእያንዳንዱ ውፍረት የክፍተቱ ጠባብ ቦታ 40 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይመረጣል፤ ክፍተቱ 9 ሚሊሜትር ከሆነ 3.5 ሚሊሜትር ዘንግ ማለት ነው። የሚገቡት አጥንቱ የሚያድግበትን ቦታ ሳይነኩ ከበላዩ ስለሆነ እድገትን አይገቱም። ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ለደረሰ ልጅ ግን ይጎብጣሉ፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሌላ ዓይነት ብረት ይመረጣል። ሐኪሙን ክብደቱን ነግረው ይጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የዘንጉ ጫፍ ነው። ከአጥንቱ ረዘም ብሎ ከወጣ ጉልበቱ አጠገብ ቆዳውን ይወጋል፣ አንዳንዴ ያቆስላል። አጥንቱ በደንብ ከጠና በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ስለ ማጠር ደግሞ ነገሩ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከ2 እስከ 10 ዓመት ባለ ልጅ የተሰበረ ጭን ሲድን ደም ስለሚበዛበት ከሌላው እግር በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል። ትንንሾቹን በጀሶ ሲያክሙ አጥንቱ እስከ 2 ሴንቲሜትር ተደራርቦ እንዲድን የሚተዉትም ስለዚህ ነው፤ ወላጅ ራጁን አይቶ «አልገጠመም» ብሎ ይደነግጣል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ጭኑ የተሰበረን ልጅ አጣጥፈው ባጃጅ ውስጥ አያስገቡ። የተጎዳውን እግር ከደህናው ጋር፣ በመካከል ጋቢ ወይም ፎጣ አድርገው፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ ያስሩት፤ ማሰሪያው ስብራቱ ላይ አይረፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከካራቆሬና ከአየር ጤና በኩል አለርት ይቀርባል፤ አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ ነው። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወደ ውስጥ አይግፉት፣ ቡናም አመድም አይነስንሱበት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የቴታነስ ክትባትም ይታያል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ገመድ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ተጠማዘዘ። ራጅ ተነስታ «ምንም የለም» ተባለ፤ አሁንም አጥንቱን ስነካው ያማታል። (እናት፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ራጁም ትክክል፣ ልጅዎም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የልጅ አጥንት የሚያድገው ከጫፉ አጠገብ ባለ ለስላሳ ንጣፍ ነው፤ ይህ ንጣፍ በራጅ ላይ ጥቁር ክፍተት ሆኖ ስለሚታይ፣ ሳይንሸራተት ከተሰነጠቀ ራጁ ጤነኛ ይመስላል። ካናዳውያኑ ሳልተርና ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ጉዳት በአምስት ከፍለውታል፤ የመጀመሪያው ዓይነት እንዲህ የሚደበቀው ነው፣ ብዙ ጊዜም በደህና ይድናል። ሐኪሙ የሚለየው በጣቱ ነው፤ ሕመሙ ጅማቱ ላይ ሳይሆን አጥንቱ ላይ ከሆነ እንደ ስብራት ይቆጥረዋል፣ 3 ሳምንት ገደማም ጀሶ ያስርላታል። ስለዚህ ተመልሳ ትታይ፤ የድሮው ራጅ አይጣል።

ንጣፉ በከፊል ከሞተ አጥንቱ በአንድ በኩል ቆሞ በሌላው ያድጋልና ይጠምማል። በተለይ ጉልበት አካባቢ ዋጋው ከባድ ነው፤ የጭን አጥንት በጉልበት በኩል በዓመት 9 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከሥሩ ያለው የቅልጥም አጥንት 6 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋሉ። ለዚህ ነው «ድኗል» ከተባለ በኋላ እንኳ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ሌላ ራጅ የሚታዘዘው። ይህን ቀጠሮ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጠሞ ለቆየ የልጅ አጥንት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ።

ጥያቄ፦ ጀሶው በዝናብ ራሰ፤ ደግሞም ያሳክከዋል፣ በእርሳስ ይፎክታል። (ከአያት ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ ከለሰለሰ አጥንቱን አይዝምና ይቀየር፤ ከላይ ብቻ ርሶ ከጠነከረ ይደርቃል። አዲስ ጀሶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ላይ ይዘገያል። እስከዚያ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሳይሆን በትራስ ላይ ያሳርፉት፤ የጎደጎደው ቦታ ቆዳ ይበላል። ከሰል አያቅርቡለት፣ ሙቀቱ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ያቃጥላል። እርሳስ፣ የሹራብ መርፌ፣ ማበጠሪያ አይግባ። ማሳከኩን ጀሶውን ከውጭ ቸብ ቸብ በማድረግ ያስታግሱት። ማሳከኩ ወደ ማቃጠል ከተለወጠ ወይም ከሸተተ ውስጡ ቆስሏልና ይከፈት።

ጥያቄ፦ የቅልጥም መረቅ አጥንት ይገጥማል? (ከብዙዎች)

መልስ፦ አጥንቱ ያለ መረቅም ይገጥማል። መረቅ ጎጂ አይደለም፤ ግን ካልሲየም የሚገኘው ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከጎመን፣ ከሰሊጥና ከጤፍ ነው፤ ፕሮቲን ከእንቁላል፣ ከሽሮና ከምስር። ያለ በቂ ምክንያት የሚሰበር ወይም እግሩ የጎበጠ ልጅ ካለ ፀሐይ ማጣትን ያስቡ፤ ቀኑን ቤት ተዘግቶ የሚውል ሕፃን ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በ1 ኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፤ 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ 300 ሚሊግራም፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ።

ስለ መረቅ ከተነሳ፣ ወድቆ እጁ የጠመመን ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱ «በባዶ ሆዱ ነው» ብለው መረቅ ወይም ሻይ በዳቦ አያብሉት። ለማደንዘዣ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ መንገድ ላይ የተሰጠ አንድ ዳቦ ቀዶ ሕክምናውን ከማታ ወደ ሌሊት ያሻግረዋል። መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ተረኛው ሐኪም ቀድሞ ከሚጠይቅዎት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።